ሳያውቁ ማሳመር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው መልካም የሠራ እየመሰለው የሚያደርሰው ጥፋት ክፉ አስቦ ከሚያደርሰው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚታወቅ አስተውለህ ይሆናል። እኔ ይህን የተማርሁት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ሰዎችን እያሳፈረ ጉማሬ የሚያሳይበት ጀልባ ነበረው። የሞተሩ ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። አንድ ዓመት መስቀል ሲቃረብ ጀልባይቱን ቀለም እንድቀባ አዘዘኝ። ስቀባም፣ ውሃ ውስጥ በሚጠልቀው የሞተሩ እግር ላይ የታሰረች፣ እዚህም እዚያም የተቦረቦረች አንዲት ቁራጭ ብረት አየሁ። መልኳ ስላላማረኝ ደጋግሜ ቀባኋት። ወንድሜም «እሰይ! አማረች» ብሎ መረቀኝ።

በዓመቱ ሞተሩ በሐይቁ መካከል ቆመ። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሲፈቱት፣ የአሉሚኒየሙ እግር ነቀዝ እንደ በላው እንጨት ተቦርቡሮ፣ ውሃ ዘልቆ ገብቶ ማርሾቹን አበላሽቷቸዋል። ያቺ ቁራጭ ግን ከነቀለሟ ደኅና ነበረች። «ይህችን ማን ቀባት?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ወንድሜ ግን ቀደም ብሎ «እኔ ነኝ» አላቸው።

እርሳቸውም ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ሁለት ዓይነት ብረቶች እርስ በርስ ተገናኝተው በአንድ ውሃ ውስጥ ሲጠልቁ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ከሁለቱም ደካማው ቀስ በቀስ ይበላል። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ሲተን ጨው በውስጡ ይቀራል፤ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ያቺ ቁራጭ ከአሉሚኒየሙ እግር ይልቅ ፈጥና የምትበላ ስለሆነች፣ በእርሱ ፈንታ እንድታልቅ የታሰረች ነበረች። ቀለሜ ከውሃው ጋርዶ ሥራዋን ከለከላት።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ በትናንሽ የዚንክና የብረት ቁራጮች ለመጠበቅ ሞክሯል። ዛሬ ጀልባዎች ዳር ቆመው ከየብስ በገመድ ኤሌክትሪክ በሚቀበሉባቸው ወደቦች ደግሞ፣ ሰውን ከአደጋ የሚጠብቀው የመሬት ሽቦ የአንዱን ጀልባ ብረት ከጎረቤቱ ብረት ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ የአንዱ ቁራጭ የጎረቤትንም ዕዳ ተሸክማ ፈጥና ታልቃለች። መድኃኒቱ ግን ሽቦውን መቁረጥ አይደለም፤ ቢቆረጥ ብረቱ ይተርፍ ይሆናል፣ የሰው ሕይወት ግን ለአደጋ ይጋለጣል። በሽቦው ላይ ትንሹን ኃይል የሚያግድ፣ የአደጋ ጊዜውን ታላቅ ኃይል ግን የሚያሳልፍ መሣሪያ ይገጠምበታል።

ወንድሜ ስለ ጠፋው ገንዘብ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔም በየዓመቱ ጀልባይቱን ስቀባ ያችን ቁራጭ ራቁቷን እተዋታለሁ፤ ግማሿ አልቆ ሳገኛትም በአዲስ እለውጣታለሁ። አንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ መልኩ ያላማረህን ነገር ለማሳመር እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት፣ ስለ ምን እንደ ተቀመጠ አስቀድመህ ጠይቅ።