ፊደሉ ይነበባል፤ ቋንቋው ግን የለም

ባርሴሎናን ቱሪስት አጨናንቋታል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ በኤብሮ ወንዝ ዳር ሁለት ቀን የሚያሳልፈው ግን ጥቂት ነው። ያሳዝናል፤ ስለ ቋንቋና ስለ ፊደል ሲጨቃጨቅ ለሚውል አገር ሰው የሚጠቅመው ይህኛው መንገድ ነበር።

መጀመሪያ አምባው። ቲቪሳ በተባለችው መንደር አቅራቢያ፣ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ካስቴዬት ዴ ባንዮሌስ የሚባል የጥንት ኢቤራውያን ከተማ ፍርስራሽ አለ። በሩን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ግንቦች ቅሪት አሁንም ይታያል። ቦታው ለምን እንደተመረጠ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ሮምና ካርቴጅ ይህንኑ ወንዝ ወሰን አድርገው ተዋዋሉ፤ በ218 ሐኒባል ከነሠራዊቱ ተሻገረው። ከተማዋም በ200 ገደማ፣ ሮማውያን አገሩን በሚይዙበት ዘመን ተቃጥላ ጠፋች።

በ1927 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እዚሁ የብር ሳህኖች ተገኙ። የኢቤራውያን ጽሑፍ የተቀረጸባቸውም አሉ። ፊደሉን በ1920ዎቹ የፈታው ማኑኤል ጎሜስ ሞሬኖ የተባለ ስፔናዊ ምሁር ነው። ግዕዝ ለለመደ ዓይን ፊደሉ ግማሽ ዘመድ ነው፦ ባ፣ ቤ፣ ቢ ለየራሳቸው አንዳንድ ምልክት አላቸው፤ እነ ለ እና ነ ግን እንደ ላቲን ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋሉ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ተማሪ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ምን እንደሚል ግን ማንም አያውቅም። በባስክ ቋንቋ ሊፈቱት የሞከሩ ነበሩ፤ አልሆነም።

ከተማዋን እሳት አጠፋት፤ ቋንቋውን ግን እሳት አልገደለውም። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጻፍበት ቆይቷል። የሞተው ቀስ ብሎ ነው፤ ሹመቱም ገበያውም በላቲን ሲሆን፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ሌላ አፍ ሲያወርሱ። በአገር ቤት የፊደል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁሉም ስለ ምልክቱ ይጮኻል። የኢቤራውያን ፊደል ድኗል፤ ታዲያ ምን ጠቀማቸው? ግዕዝንም ያቆየው ፊደሉ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሴው፣ ዜማውና ቅኔ ቤቱ ነው።

ከአምባው ብዙም ሳይርቅ ሚራቬት አለች። ገደሉ ላይ ቴምፕላር የተባሉት የመስቀል ጦረኞች በ1153 የተረከቡት ምሽግ፣ ከሥሩ ወንዙን የታከኩ ቤቶች። ያምራል፤ ፎቶ ለሚወድ ይበቃዋል። ልብ የሚከብደው ከወንዙ ፈቀቅ ብላ ባለችው ኮርቤራ ዴብሬ ነው። በ1938 ከሐምሌ እስከ ኅዳር በዘለቀው የኤብሮ ውጊያ በቦምብ ፈራረሰች። ነዋሪዎቹ ከታች አዲስ መንደር ሠሩ፤ አሮጌው እንደ ፈረሰ ቀረ። ጦርነቱን ያሸነፈው ፍራንኮ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ካታላንን፣ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት አስወጣው። ለአርባ ዓመት ገደማ ቋንቋው ጓዳ ገብቶ ኖረ፤ እናቶች ሲቆጡበትና ሲያባብሉበት።

ሚራቬት ላይ መኪና ሳይቀር የሚያሻግር ጀልባ አለ። ሞተር የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ተይዞ የውሃው ግፊት ይወስደዋል። የመንደሩ ሰዎች ወረፋ ሲጠብቁ ከባለ ጀልባው ጋር ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ ያወራሉ። በካታላን።