ሁለት ዙር ላባ

ሊድስ ለሚኖር ሐበሻ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የተለመደ መዝናኛ አይደለም። ልናዘዝና፣ የአገር ልጆች ቤቴ ሲመጡ የመንጠቆ መያዣ ሞርሳዬን ከጠረጴዛው ላይ የማነሳበት ጊዜ ነበር። ትልቅ ሰው ከጥፍር ባነሰች መንጠቆ ላይ ክር እየጠመጠመ ዓሣ ማታለያ ዝንብ ሲሠራ ምን ይባላል? ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ መለቀቁን እንኳ የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

የዮርክሻየር የድሮ ዝንቦች ጌጥ አይወዱም። ቲ. ኢ. ፕሪት እ.ኤ.አ. በ1885 በመጽሐፍ ሰብስቧቸዋል። ከታወቁት አንዷ፣ ፓርትሪጅ ኤንድ ኦሬንጅ፣ በሰም የታሸ ብርቱካንማ የሐር ክርና አንገቷ ላይ የሚዞር ቡናማ ዝንጉርጉር የቆቅ ላባ ናት። በቃ። ያስተማሩኝ አዛውንት ላባውን ከሁለት ዙር በላይ ሳዞር “ፍታው” ይሉኛል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔ እንግዳ ፊት ጥቂት ማቅረብ ነውር ከሆነበት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝና እጄ መጨመር ይወዳል። ላባው ሲበዛ ግን ውሃ ውስጥ ተጣብቆ ድርቅ ይላል፤ ሲሳሳ እያንዳንዱ ዘለላ በፍሰቱ ይርገበገባል። ዓሣው ነፍሳት መስሎት የሚነክሰው ያንን መርገብገብ ነው። እኔ ክር አስራለሁ፣ ዝንቧ ላይ ነፍስ የሚዘራው ወንዙ ነው።

ይህ ሲገባኝ ዓይኔ ከዝንብ ሳጥኑ ወደ ውሃው ዞረ።

የዋርፍ ወንዝ ከላንግስትሮትዴል ኮረብታዎች ይነሳል። ላይ ከዘነበ፣ ታች ኢልክሊ ፀሐይ ቢሆንም ወንዙ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። ቦልተን አቢ አጠገብ ስትሪድ በሚባል ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ የሰው ነፍስ የበላ ቦታ ነው። ስለዚህ ዝንብ ከመምረጤ በፊት እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አገራችን በክረምት ወንዝ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ገበያተኛ ሁሉ ይጠይቀዋል። ሳይዘንብ ከውሃው ወለል በላይ ያለው የድንጋይ ጠርዝ ከረጠበ፣ እየጎደለ ነው። ውሃው ደረቅ ሣር እየዋጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ እያመጣ ከሆነ ግን እየሞላ ነውና ወጥቼ ዳር እቀመጣለሁ።

ቀለሙም ይናገራል። ከኮረብታው ረግረግ የሚወርደው ውሃ ቢጠቁርም ሥሩን ያሳያል፤ ትራውት ይበላበታል። ጭቃ ያደፈረሰው ሌላ ነው፣ እዚያ ጊዜ ማጥፋት ነው። የመንግሥት መለኪያዎች የወንዙን ከፍታ በየ15 ደቂቃው ይመዘግባሉ፤ ስልኬ ላይ አየዋለሁ፣ ድፍርስ ይሁን የጠራ ግን አይነግረኝም። ሙላቱ አልፎ ውሃው መጥራት ሲጀምር ዓሦቹ ከኃይለኛው ፍሰት ሸሽተው ዳር ዳሩን ስለሚይዙ፣ ዝንቤን እግሬ ሥር ማለት ይቻላል እጥላለሁ። ሩቅ መወርወር ለሚወዱ ወጣቶች ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

በበጋው ሙቀት ቴርሞሜትሬ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ዘንጌን ሳልዘረጋ እመለሳለሁ። የሞቀ ውሃ ኦክሲጅን ያንሰዋል፤ ተይዞ የደከመ ትራውት ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። ወዳጆቼ ድሮ “የምትለቀውን ዓሣ ለምን ትይዘዋለህ?” ይሉኝ ነበር። አሁን ደግሞ ፈቃድ ከፍሎ ውሃ ለክቶ የሚመለስ ሰው እያሉ ይስቁብኛል።