የልጄ ፒክአፕ እና የአባቴ ባሌስትራ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለች ከተማ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ልጄ ይነዳል፣ አሥራ አንድ ዓመቷ እህቱ መሐል ተቀምጣለች፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ነኝ። ዝናቡ ቢያባራም አስፋልቱ አልደረቀም።

ወደ ፈጣኑ መንገድ ልንገባ ስንል ልጄ ነዳጁን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። ከኋላችን አንድ ሰው በመዶሻ የሚደበድበን ይመስል "ዱብ ዱብ ዱብ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው የመኪናው ጅራት ወደ ግራ ተንሸራተተ። ልጄ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ መሪውን ያዘ፤ መኪናው ተስተካከለ። ቤት እስክንደርስ ማናችንም አልተናገርንም። የልጄ እህት ክንዴን የያዘችበት የጥፍር ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም።

ባለቤቴ ወሬውን ከልጅቷ ሰማች። "ነገ ይሸጥ!" አለች። እኔም ተስማማሁ።

ፒክአፑ በ2004 የተሠራ፣ ባለ 5.3 ሊትር ቪ8 ሞተር ነው። ልጄ ቀን እየተማረ፣ ማታ ጎማ ቤት እየሠራ ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ገዛው። ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበረው። ልጄ ቱርቦ ገጠመለትና ጉልበቱን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። ከኋላ በኩል ግን አንድ ብሎን እንኳ አልነካም። ስለዚህ ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም።

ያን ማታ ውሳኔያችንን ልነግረው ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መብራት ይዞ መኪናው ሥር ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከኋላ ጎማው አጠገብ የተደራረቡትን ቀስት መሳይ ብረቶች አየሁ።

"ባሌስትራ ነው እንዴ ያለው?" አልኩት።

"ምን አልክ አባዬ?"

አባቴ የኤን ትሬ ፊያት ሾፌር ነበር፤ በአሰብ መንገድ የተመላለሰ። ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን ባሌስትራውን ነበር። መብራት ያዥው እኔ ነበርኩ። ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። ሽያጩን ትቼ እንደ ድሮው መብራቱን ተቀበልኩት።

ልጄ ድብደባው ከየት እንደመጣ አስረዳኝ። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያዞር፣ የአክስሉ ቤት በተቃራኒው ይጠመዘዛል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ባሌስትራው አብሮ ይጣመምና የ"ኤስ" ፊደል ቅርጽ ይይዛል። ጎማው መሬቱን ሲለቅ ባሌስትራው ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ ጎማው ይዘላል፣ መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይለቃል። "ዱብ ዱብ" ያለው ይህ ነው። በዚህ አኳኋን አክስል ሊሰበር፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም ሊበጠስ ይችላል። ፒክአፕ ደግሞ ጭነት ከሌለው ኋላው ቀላል ስለሆነ ችግሩ ይብሳል።

እኔ በአባቴ ትምህርት "አንድ ብረት እንጨምርበት" አልኩ። ልጄ ሳቀ። ያ የሚጠቅመው ኩንታል ለሚጭን መኪና ነው፤ ባዶውን የሚሄድ ፒክአፕ ላይ ባሌስትራው ሲጠነክር መንጠሩ ይጨምራል። "አሸዋ እንጫንበት" አልኩ። ያልታሰረ ክብደት በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራል፤ የውድድር ሜዳውም በጥብቅ ያልታሰረ ክብደት አይፈቅድም። አፌን ዘጋሁ።

ቀጥሎ ያሉትን አማራጮች በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። አንደኛው፣ ለእሽቅድምድም የሚሠራው ለስላሳና ሰፊ ጎማ ነው። በደረቅ መንገድ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ጥርሱ ጥልቀት ስለሌለው ግን ውኃ በተኛበት መንገድ አይታመንም፣ ቶሎም ያልቃል። ደግሞ ጎማው መሬቱን ይበልጥ በያዘ ቁጥር ባሌስትራው ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ባሌስትራውን ጨርሶ አውጥቶ አክስሉን በአራት ዘንግና በጥቅል ሞላ መያዝ ነው። ለውድድር ብቻ ለሚነዳ መኪና ከዚህ የተሻለ ብዙም የለም። ግን ሻንሲው ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ በሺዎች ዶላር ይፈጃል። ልጄ ደግሞ ፒክአፑን ለዕቃም ይፈልገዋል፤ በእኛ አካባቢ ሐበሻ ቤት በቀየረ ቁጥር ለሶፋ የሚጠራው እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ከአክስሉ ተነሥቶ ከባሌስትራው ሥር ወደፊት የሚዘረጋ ዘንግ ነው። ርካሹ ዓይነት ጫፉ ላይ ላስቲክ አለው፤ አክስሉ ሲጠመዘዝ ላስቲኩ የባሌስትራውን የፊት ጫፍ ይመታና መጣመሙን ይገታል። የተሻለው ዓይነት በባሌስትራው የፊት መያዣ ላይ ከሚዞር ብረት ጋር ይያያዛል። አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲል ዘንጉ ያንን ብረት ይገፋል፣ ብረቱም የባሌስትራውን የፊት ክፍል ወደ ታች ይጫናል። ጠማማው ኃይል ጎማውን መሬት ላይ የሚያጣብቅ ኃይል ሆነ ማለት ነው። በብሎን ይታሰራል እንጂ መቁረጥ አይፈልግም፤ ዋጋውም በመቶዎች ዶላር ነው።

እኔ በዚህ ተስማማሁ። የቀረችው እናቱ ነበረች። ሁሉንም ሰምታ ሦስት ነገር ጠየቀች። በከተማ መንገድ የቱርቦው ግፊት ይቀነስ፤ መንገድ ላይ እሽቅድምድም የሚባል አይኑር፤ እሷ ራሷ ተሳፍራ ሳታይ ልጅቷ መኪናው ውስጥ እንዳትገባ።

ዘንጎቹን፣ ግትርነታቸው የሚስተካከል የኋላ አሞርዛተሮችን፣ ለውድድር ቀን ብቻ የሚገጠሙ ሁለት ጎማዎችን ከነቸርኬያቸው ገዛን። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሠራን። ልጄ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች አዘነበለው፤ ጉልበት ሲመጣ ተነሥቶ ቀጥ እንዲል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች እኔ አጠበቅሁ። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ እንደገና አየናቸው፤ ሁለቱ ላልተው ነበር። አባቴም ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያይ ነበር።

ከዚያ ከዳላስ በስተ ደቡብ ኤኒስ ወደሚገኘው ቴክሳስ ሞተርፕሌክስ ሄድን። ሜዳው በ1986 የተከፈተ፣ ለሩብ ማይል ማለትም ለ402 ሜትር እሽቅድምድም የተሠራ ነው። አሜሪካኖች የዚህን ስፖርት ማኅበር በ1951 ሲመሠርቱ አንዱ ዓላማቸው ወጣቱን ከሕዝብ መንገድ ወደ ሜዳ ማውጣት ነበር። ርቀቱን ከ14 ሰከንድ ባነሰ ለሚጨርስ ሄልሜት ግዴታ ነው። ልጄ ሄልሜቱን ሲያጠልቅ ጉልበቴ ከዳኝ። ፒክአፑ ግን ሳይደበድብ፣ ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ሄደ። ተሸነፈ፤ ከጎኑ ያለው መኪና ቀደመው። እኔ ያየሁት የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነበር።

በማግስቱ መደበኛ ጎማዎቹ ተመለሱ። ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳፈረች፣ ቀበቶዋን አሰረች። በዚያው መግቢያ፣ በዚያው ፈጣን መንገድ ይዟት ሄደ። እኔና ልጅቷ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ሲመለሱ ቀስ ብላ ወረደችና በሩን ዘጋች።

"ወንበሩ ቆሻሻ ነው፣ እጠበው" አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷ መሐል ተቀመጠች።