ከዶርዜ ያመጣነው ቀርከሃ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲይዙ የመኪናዎ መስኮት በሙቀቱ የተነሳ ክፍት ነው። ዶርዜ ሲደርሱ ግን ልጆች "ሹራባችን የት አለ?" ማለት ይጀምራሉ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጉዞ ከ1,300 ሜትር ከፍታ ተነስተው ወደ 2,500 ሜትር ወጥተዋልና። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከታች ቀርተዋል፤ ከፊትዎ ጉም፣ እንሰትና ቀርከሃ ይጠብቅዎታል።

የዶርዜን ቤት ከፊት ለፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል። ግድግዳውም ጣሪያውም በአንድነት የተሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ዓመት በዓመት ዝቅ ስለሚል፣ ዕድሜውን ከቁመቱ መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ይወስደዋል።

ቤቱን አይተው አይመለሱ፤ ወደ ጓሮው ይዙሩ። ለሚቀጥለው ቤት የሚሆነው ቀርከሃ እዚያው ቆሞ ያገኙታል። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ማገሩን ከጓሮ ያገኛል ማለት ነው።

እኔም በዚህ ተማርኬ አንድ ዘንግ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁና በበጋ ተከልኩት። በሁለት ሳምንት ደረቀ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የደጋ ቀርከሃ ከአፈር በታች ካለው ሥሩ ጋር ተቆፍሮ ካልወጣ በቀላሉ አይይዝም። በሁለተኛው ዙር ሥር ያለው ችግኝ በሰኔ ተከልኩ፤ ብስባሽ ጨመርኩበት፣ በጋውን ሙሉ ውኃ አጠጣሁት። ያዘልኝ።

እርስዎም የሚተክሉ ከሆነ ታገሡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወጡት ዘንጎች ቀጫጭን ናቸው። ቀርከሃ እንደ ዛፍ እያደር አይወፍርም፤ ከመሬት ሲወጣ የያዘው ውፍረት እስከ መጨረሻው ያው ነው። የሚወፍሩት በየክረምቱ የሚከተሉት አዲሶቹ ናቸው። ዘንግ ሲቆርጡም ሦስት ዓመት የሞላውን፣ በበጋ ይምረጡ፤ ልጆቹን የሚመግቡት እናቶቹ ስለሆኑ ሁሉንም አይጨርሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ቦታውን ያስቡበት። የደጋ ቀርከሃ አንድ ላይ ተሰብስቦ ቢበቅልም ሥሩ ትንሽ ትንሽ መራመዱ አይቀርም። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አጥሩን አስጠግቼ ተክዬ ነበር። በአራተኛው ክረምት እትዬ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው፣ ሁለተኛውን ስኒ እስኪያነሱ ዝም ካሉ በኋላ "ልጄ፣ ቀርከሃሽ እኛም ቤት ወልዷል" አሉኝ። ሄጄ ሳይ ሦስት ጉንቁል ከጽጌረዳቸው መሐል ብቅ ብሏል። አፈርኩ። ገና ለስላሳ ስለነበር በእጅ ተሰበረ፤ በእኔ በኩል ደግሞ አጥሩን ተከትዬ ቦይ ቆፈርኩና የሚሻገረውን ሥር በየዓመቱ እቆርጣለሁ። እርስዎ ከመጀመሪያው ከግንቡ ሁለት ሦስት ሜትር ቢያርቁት ይሻላል።

ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹን ዘንጎች ቆረጥን። ልጄ ለዶሮዎቹ ቤት ሊሠራበት አሰበ። እኔ ግን ሁለቱን አስቀድሜ ለእትዬ ሰጠሁ፤ ጽጌረዳቸውን ደግፈውበታል።