ሳይደወል የቀረ ስልክ

የአሜሪካ ሪፐብሊካኖች ጥቁር መራጮችን እንዴት እንዳጡ ሲነሳ ብዙ ሰው ከ1964 ይጀምራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን 1960 ነው። ያኔ ነገሩ ገና በእጃቸው ነበር።

ፓርቲው የሊንከን ፓርቲ ነው። በደቡብ ጥቁሩን ከምርጫ ጣቢያ ያባርሩ የነበሩት ዴሞክራቶች ናቸው። አይዘንሃወር በ1956 ከጥቁሮች ድምፅ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋውን አግኝተዋል። ምክትላቸው ሪቻርድ ኒክሰን በ1957 በጋና የነፃነት በዓል ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኝቷል። የኪንግ አባት፣ የአትላንታው ሰባኪ፣ በ1960ው ምርጫ ድጋፋቸውን የሰጡት ለኒክሰን ነበር።

ለምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኪንግ አትላንታ ውስጥ ሪችስ በተባለ ትልቅ መደብር ከተማሪዎች ጋር ታሰረ። ጥፋታቸው ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ቦታ ምግብ መጠየቃቸው ነው። ተማሪዎቹ ተለቀቁ። እሱን ግን ያለ ጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ነድተሃል በሚል አሮጌ ክስ የአራት ወር የጉልበት ሥራ ፈረዱበት፤ በሌሊት ቀስቅሰው፣ እጅ እግሩን በሰንሰለት አስረው ሪድስቪል ወህኒ ቤት ወሰዱት። ሚስቱ ኮሬታ ነፍሰ ጡር ነበረች። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ጆን ኬኔዲ ደውሎ አጽናናት። ወንድሙ ሮበርት ለዳኛው ደወለ፤ ኪንግ በዋስ ተፈታ።

ኒክሰንስ? የቤዝቦሉ ጀግና ጃኪ ሮቢንሰን እየዞረ ይቀሰቅስለት ነበር። አንድ ቃል ተናገር፣ ስልክ ደውል ብሎ ለመነው። እምቢ አለ። ሮቢንሰን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ። ይህን ባሰብኩት ቁጥር አንጀቴ ያርራል! የተጠየቀው ሕግ አይደለም፣ ገንዘብ አይደለም፤ አንዲት የጨነቃት ሴት አይዞሽ እንድትባል ነው።

አባት ኪንግ ድጋፋቸውን ወደ ኬኔዲ አዞሩ። የስልኩን ወሬ የያዘ ሰማያዊ ወረቀት በየጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ታደለ። ወደ 69 ሚሊዮን ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ኬኔዲ የበለጠው ከ120 ሺህ ባነሰ ነው፤ በኢሊኖይ ከ9 ሺህ ባነሰ። ዝምታው የደቡብ ነጮችን ለማባበል ከነበረ፣ ለኒክሰን ጆርጂያን እንኳ አላስገኘለትም።

ያም ሆኖ በሩ አልተዘጋም ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲጸድቅ ከ33 ሪፐብሊካን ሴናተሮች 27ቱ ደግፈውታል። ይህ ብቻ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነበር። እነሱ ግን ወር ሳይሞላ፣ ሳይቸግራቸው፣ ሕጉን ከተቃወሙት ስድስት መካከል ባሪ ጎልድዋተርን ዕጩ አደረጉ። ከጥቁሮች ያገኘው ድምፅ ወደ 6 ከመቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከጥቁሮች ድምፅ 20 ከመቶ የደረሰ ሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩ የለም። የፓርቲው ሊቀመንበር ኬን ሜልማን በዘር መከፋፈል ለመጠቀም መሞከራችን ስህተት ነበር ብሎ በጥቁሮች ጉባኤ ፊት ያመነው በ2005 ነው።

ጉዳቱ በፓርቲው ብቻ ቢቀር ባልተቆጨሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ልጁን በሥርዓት የሚያሳድግ፣ በትንሽ ሱቁ ላይ የተጫነው ግብር የሚያማርረው ጥቁር አሜሪካዊ ስንት ነው? በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ የእኛም ሰዎች እንዲሁ ናቸው፤ ለዲቪ በር የከፈተውን የ1990 ሕግ የፈረሙት እኮ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ይህ ሁሉ መራጭ ዛሬ የሚደራደርበት አቅም የለውም። አንዱ ፓርቲ የትም አይሄድም ብሎ ይተማመንበታል፤ ሌላው አይመጣም ብሎ ደጁን እንኳ አያንኳኳም።