«ቡና ጨመረ» ሲባል

በለቀማ ሰሞን አጋሮና ሊሙ ላይ ከቡናው ቀድሞ የሚደርሰው ወሬው ነው። «ኒውዮርክ ላይ ቡና 4 ዶላር አለፈ!» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይዞራል። ነገሩ ውሸት የለበትም፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ዋጋ በእርግጥም 4 ዶላር አልፎ ነበር። ግን ያ የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም የ454 ግራም ዋጋ ነው። ለዚያውም ተፈልፍሎና ተለቅሞ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ቡና። ገበሬው የሚሸጠው እሸት ወይም ጀንፈል ነው፤ ነጋዴው ደግሞ በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ ያሰላል።

እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ነው፤ ዓይን ያወጣ ውሸትማ ቶሎ ይነቃበታል።

ስለዚህ ዜና ሳይ እጠይቃለሁ፦ ማን አለ? መቼ? በምን መለኪያ? ወሬው የዋጋ ከሆነ የኢትዮጵያ ምርት ገበያና የቡናና ሻይ ባለሥልጣን አሉ። የቡና በሽታ ከሆነ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የመሥሪያ ቤት መግለጫም ብቻውን አይበቃም፤ ቡናውን ያስረከበውን ገበሬ «ስንት ተከፈለህ?» ማለት ያስፈልጋል።

«ሁሉም እያወራው ነው» ምንጭ አይሆንም። ቀንና መለኪያ የሌለው ዋጋ ከደረሳችሁ፣ እባካችሁ ሼር አታድርጉት።