ጫማ የማይወልቅበት ሣር

ጋርላንድ ከዳላስ ከተማ ጋር የተያያዘች፣ የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርባት የቴክሳስ ከተማ ናት። ያረፍኩባት የአክስቴ ልጅ ደጇ ሙሉ ለምለም ሣር እያለ ለቡና የምትጎዘጉዘው ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ሣር ነው። ሣር ዓይቼ ጫማዬን ላወልቅ ስል ከበረንዳው ላይ ጮኸች፦ «ኧረ ወንድሜ፣ ተው! እዚህ በባዶ እግር አይረገጥም!»

ምክንያቱ «የእሳት ጉንዳን» የሚሉት ነው። መጠኑ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፣ ቀላ ያለ ነው። ኩይሳው ከዝናብ በኋላ ከሣሩ መሃል ብቅ ይላል፤ አፈሩ የላላ ነው፣ አናቱ ላይም መግቢያ ቀዳዳ አይታይም። የነካው ሰው እግር ላይ በመቶ የሚቆጠሩት በቅጽበት ይወጣሉ። በመንጋጋው ቆዳ ይዞ በጅራቱ ይነድፋል፤ ሳይለቅ ዞር እያለ ይደጋግማል። በማግስቱ እያንዳንዱ የተነደፈ ቦታ መግል የመሰለ ነጭ እብጠት ይሆናል።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ በመርከብ ጭነት አላባማ ውስጥ ሞቢል ወደብ እንደገባ ይነገራል። በ1942 እዚያው ሞቢል ጎጆውን ያገኘው የ13 ዓመት ልጅ ኤድዋርድ ዊልሰን፣ ኋላ በጉንዳን ጥናት ስመ ጥር የሃርቫርድ ሊቅ ሆነ። በ1957 የአሜሪካ መንግሥት ከአውሮፕላን መርዝ እያስረጨ ሊያጠፋው ዘመተ። አእዋፍና የዱር እንስሳት አለቁ፤ ራቸል ካርሰንም በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘመቻውን ክፉኛ ነቀፈችው። ጉንዳኑ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ሰዉ መድኃኒት ብሎ የማይሞክረው የለም። የበቆሎ ቅንጬ ብትበትኑለት በልቶ ሆዱ ተነፍቶ ይፈነዳል የሚሉ አሉ፤ ለአቅመ ሥራ የደረሰ ጉንዳን ግን ፈሳሽ እንጂ ጠጣር አይውጥም። ቤንዚን የሚያፈሱም አሉ፤ እሳቱም የአፈሩ መበከልም ከጉንዳኑ ይብሳል። አሥር ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሣሩንም አብሮ ይቀቅላል። የዚህ ሁሉ ችግሩ ንግሥቲቱ ከታች መሆኗ ነው። እሷ ከተረፈች ኩይሳው ጥቂት ራቅ ብሎ እንደገና ይነሣል።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ዘዴ በአገሬው ጭፈራ ስም «ቱ ስቴፕ» ይባላል። መጀመሪያ በዘይት የራሰና ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ያለበት የበቆሎ ፍርፋሪ በሣሩ ሁሉ ላይ ይበተናል፤ ሠራተኞቹ ምግብ መስሏቸው ለንግሥቲቱ ያደርሱላታል። ከቀናት በኋላ በር ላይና ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ያሉት ኩይሳዎች አንድ በአንድ ይታከማሉ። የአክስቴ ልጅ ከመበተኗ በፊት ጥቂት የድንች ቺፕስ ሣሩ ላይ ጣል አደረገች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉንዳን ከወረረው ጊዜው ነው፣ ካልመጣ መርዙን ማባከን ነው። መሬቱ መድረቅ አለበት፣ ዝናብም መቃረብ የለበትም። በበጋ ደግሞ ቀኑ ስለሚያቃጥል ሲመሽ መበተን ይሻላል። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ የፈላ ውኃ የለመደ ሰው ይህን መጠበቅ አይወድም።

እኔ ዘዴው ደስ ብሎኛል፣ ግን ለአንድ ግቢ ብቻ ሲደረግ ከንቱ ድካም ነው የሚመስለኝ። አጥር ለጉንዳን አጥር አይደለም፤ አዳዲስ ንግሥቶችም በክንፋቸው በርረው ይመጣሉ። የመንደሩ ሰው ተነጋግሮ በአንድ ሰሞን ቢበትን ሰላሙ ይረዝማል።

ወደዚያ የምትሄዱ፣ ሕፃን ሣር ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ከተነደፋችሁ ፈጥናችሁ ከቦታው ራቁ፣ ጉንዳኖቹን በእጅ ወይም በጨርቅ ጠራርጉ፤ ውኃ ብቻውን አያስለቅቃቸውም። እብጠቱን አታፍርጡት። ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ፣ ሳትዘገዩ 911 ደውሉ።